የሱሉልታው ጭልፊት ኮመን ኬስትሬል አይደለም

ሰሞኑን በሱሉልታ ሜዳ ስለታየ አንድ ትንሽ ጭልፊት የተጻፈ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ጸሐፊው በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት የፍቼ መንገድ ዳር ቆመው ወፉን አይተዋል። አራት ፎቶም አንስተዋል። ከዚያ «ይህ ኮመን ኬስትሬል ነው» ብለው ደምድመዋል። ኮመን ኬስትሬልና ሌሰር ኬስትሬል በጣም የሚመሳሰሉ ሁለት ትንንሽ የጭልፊት ዝርያዎች ናቸው።

ያቀረቧቸው ማስረጃዎች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ወፉ አየር ላይ ባለበት ቆሞ ያድናል። ጀርባው ቀይ ዳማ ነው። መጠኑ ለሌሰር ኬስትሬል ይበዛል። የስልክ መተግበሪያውም ኮመን ኬስትሬል ብሏል። አብረውት የነበሩት ቡናማ ወፎች ጫጩቶቹ ናቸው። በዚያው ሜዳ የታየው ነጭ ወፍ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ነው። መጨረሻ ላይ ለገበሬው ምክር ሰጥተዋል፦ ጫጩት ሌባ ስለሆነ ሲያዩት በድንጋይ ያባሩት።

ጽሑፉን በደስታ ነው ያነበብኩት። መኪና አቁሞ ወፍ የሚያይ፣ ያየውንም የሚጽፍ ሰው በአገራችን ገና ጥቂት ነው። ጸሐፊው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳይቀር መዝግበዋል። ፎቶዎቹንም ሳያሳምሩ እንዳሉ አውጥተዋል። ይህን ባያደርጉ ኖሮ እኔም የምመልሰው ነገር አይኖረኝም ነበር። ግን ስሙ ተሳስቷል። የተሳሳተው ስም ደግሞ ጉዳት ወዳለው ምክር መርቷቸዋል። በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ወፍ ሌሰር ኬስትሬል ነው፤ ያውም ያደገ ወንድ።

የጽሑፉ ችግር ከአንድ ቦታ ይነሳል። ጸሐፊው የቆጠሯቸው ምልክቶች በሙሉ ሁለቱ ወፎች የሚጋሯቸው ናቸው። የሚጋሩት ምልክት ደግሞ አንዱን ከሌላው አይለይም። የሚለዩዋቸው ምልክቶች እዚያው ፎቶዎቹ ላይ አሉ፤ ግን አልተነኩም። እንግዲህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አየር ላይ ባለበት ቆሞ የሚያድን ኮመን ኬስትሬል ብቻ ነው»

አይደለም። ሁለቱም ኬስትሬሎች እንዲህ ያድናሉ። ፊታቸውን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ፣ ጅራታቸውን ይዘረጋሉ፣ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። ጭንቅላታቸው ግን ንቅንቅ አይልም። ነፋሱ ገላቸውን ሲያወዛውዘው ዓይናቸው ከመሬቱ ላይ አይነሳም። ይህን በባይናኩላር ያየ ሰው አይረሳውም፤ ጸሐፊውም መደነቃቸው ተገቢ ነው።

ሆኖም ይህን የሚያደርጉት ሁለቱ ብቻ አይደሉም። ብላክ ዊንግድ ካይት የሚባለው ነጭና ግራጫ ወፍ ያደርገዋል። በጉዞው ወቅት በአገራችን የሚያልፈው አሙር ፋልከን የተባለ ትንሽ ጭልፊትም ያደርገዋል። ዝዋይ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው ጥቁርና ነጩን ኪንግፊሸር ከውኃው በላይ ባለበት ቆሞ ሲያርገበግብ አይቶት ይሆናል። እሱ ጭራሽ ጭልፊት አይደለም፤ ዓሣ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ አየር ላይ መቆሙ ፍለጋውን ያጠብልናል እንጂ ስም አይሰጠንም።

«ጀርባው ቀይ ዳማ ነው»

ነው። ግን የሁለቱም ወንዶች ጀርባ ቀይ ዳማ ነው። የሁለቱም ጭንቅላት ግራጫ ነው። የሁለቱም ጅራት ግራጫ ሆኖ ወደ ጫፉ ሰፋ ያለ ጥቁር መስመር አለው። መጠየቅ ያለበት ጀርባው ላይ ሌላ ምን አለ የሚለው ነው።

ያደገ ወንድ ኮመን ኬስትሬል ጀርባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኖበታል። ነጠብጣቡ ደፈር ያለ ስለሆነ መጠነኛ ርቀት ላይም ይታያል። ያደገ ወንድ ሌሰር ኬስትሬል ግን ጀርባው ንጹሕ ነው። አንዲት ነጥብ የለችበትም። አሁን የጸሐፊውን የመጀመሪያ ፎቶ ክፈቱና በሁለት ጣት አስፉት። ወፉ ጀርባውን ሰጥቶ ክንፉን ዘርግቷል። ከአንገቱ እስከ ወገቡ ድረስ ያው አንድ ቀለም ነው።

እዚያው ፎቶ ላይ ክንፉን ተመልከቱ። ቀዩ የክንፍ ክፍል ካለቀ በኋላ ጥቁሮቹ ረጃጅም ላባዎች ከመጀመራቸው በፊት ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ሰቅ አለ። ይህ ሰቅ በኮመኑ ክንፍ ላይ የለም። ያልበሰለ ወንድ ሌሰርም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ሰቁ ባይኖር ምንም አንልም ነበር፤ ካለ ግን ክርክሩ ያበቃል። ለእኔ ከአራቱ ፎቶዎች ውስጥ ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ስለሱ አንድ ቃል አለመናገሩ ያስቆጫል።

ሁለተኛው ፎቶ ፊቱን ያሳያል። ኮመኑ ከዓይኑ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ጢም የመሰለ ጥቁር መስመር አለው። ይህ ወፍ የለውም። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ግራጫ ነው። በሦስተኛው ፎቶ ደግሞ አጥር ግንድ ላይ ቆሟል፤ እግሩም ፀሐይ አግኝቶታል። ጥፍሮቹን እዩ። ፈዛዛ ናቸው፣ ወደ ነጭ ያደላሉ። የኮመን ኬስትሬል ጥፍር ጥቁር ነው። ጥፍር ለማየት በጣም መቅረብ ስለሚጠይቅ ሜዳ ላይ ብዙም አንተማመንበትም። እዚህ ግን ዕድል ቀንቷቸው በግልጽ ወጥቶላቸዋል።

«ነጠብጣቡ ያልታየው ከብርሃኑ የተነሳ ነው» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጸሐፊውም ጠዋቱ ብርሃን የበዛበት እንደነበር ጠቅሰዋል። ይሁን። ግን በዚያው ፎቶ የጅራቱ ጥቁር መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። የጀርባውን ነጠብጣብና የፊቱን ጢም ብቻ መርጦ የሚያጠፋ ብርሃን የለም። በዚያ ላይ በደጋችን ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ኮመን ኬስትሬል ከአውሮፓ ከሚመጣው ወንድሙ ጠቆር ያለ ነው። እሱ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላ ነበር።

«ለሌሰር ኬስትሬል መጠኑ ይበዛል»

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ኮመኑ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ከ32 እስከ 35 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ሌሰሩ ከ27 እስከ 33 ነው። ቁጥሮቹ ይነካካሉ። ባዶ ሰማይ ላይ ብቻውን የቆመ ወፍ ደግሞ የሚለካበት ነገር የለውም። ጸሐፊው «እርግብ ያክላል» ብለዋል። ሁለቱም እርግብ ያክላሉ። ከመንገድ ዳር ሆኖ የሦስት ሳንቲሜትር ልዩነት በዓይን የሚለይ ሰው የለም። አጠገቡ ቁራ ወይም ትልቁ ጭልፊት ቢያልፍ እንኳ የምናውቀው ትንሽ መሆኑን ብቻ ነው።

«መተግበሪያውም ኮመን ኬስትሬል ብሏል»

ጸሐፊው የተጠቀሙት መርሊን የተባለውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ቤተ ሙከራ መተግበሪያ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም ስልኬ ላይ አለ። ለጀማሪ ሁሉ እንዲጭነው እመክራለሁ። ግን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። መርሊን ፎቶውን አይቶ፣ ቦታውንና ቀኑን ጠይቆ፣ ሊሆኑ የሚችሉ ወፎችን በዝርዝር ያቀርባል። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚተወው ለሰው ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ባወጡት የስልክ ምስል ላይ ከኮመን ኬስትሬል ቀጥሎ የተቀመጠው ሌሰር ኬስትሬል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለመተግበሪያው የሰጡት አራተኛውን ፎቶ ነው። በዚያ ፎቶ ወፉ ሩቅ ነው፤ ከሥር ስለተነሳም ጀርባው አይታይም። ጀርባው ባልታየበት ፎቶ ስለ ጀርባው ነጠብጣብ ሰውም ማሽንም መፍረድ አይችልም። የመጀመሪያውን ፎቶ ቢሰጡት ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበረው።

«ቡናማዎቹ ጫጩቶቹ ናቸው፤ እናታቸው አደን እያስተማረቻቸው ነው»

ይህን ነጥብ ቀስ ብለን እንየው። እንዲህ ያለውን አስተያየት ከብዙ ሰው እሰማለሁ። ትንሽ ጭልፊት ከታየ የትልቁ ልጅ ነው ይባላል፤ ቡናማ ከሆነም ገና ያላደገ ነው ይባላል።

ጭልፊት ከጎጆው ወጥቶ መብረር ሲጀምር ቁመቱ የወላጆቹን ያህል ሆኗል። የኬስትሬል ጫጩት ከተፈለፈለ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ይበራል፤ ያን ጊዜ ጅራቱና የክንፉ ላባ ትንሽ አጠር ሊሉ ይችላሉ እንጂ ሰውነቱ ሞልቷል። ሰማይ ላይ የሚታይ «ትንሽዬ የጭልፊት ልጅ» የለም። ትንሽ ጭልፊት ካያችሁ ትንሽ የጭልፊት ዝርያ ነው ያያችሁት። ከአዋሽ በታች ባለው ቆላና በደቡብ ደረቅ አካባቢዎች የሚኖረው ፒግሚ ፋልከን ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እሱም ያደገ፣ የራሱን ጎጆ የያዘ ወፍ ነው።

ቡናማነቱም ዕድሜን ብቻ አያሳይም። በሁለቱም ኬስትሬሎች ያደገች ሴት ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉ፤ ጭንቅላቷም እንደ ወንዱ ግራጫ አይደለም። መጠኗ ደግሞ ከወንዱ በለጥ ይላል። በብዙ ጭልፊቶች እንዲህ ነው። ጸሐፊው «እናት» ያሏት ቀይ ዳማ ጀርባ ያለው ወንዱን ነው፤ «ጫጩት» ካሏቸው ውስጥም እናት ልትሆን የምትችል ያደገች ሴት አለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቁጥራቸው ነው። ጸሐፊው «ከ30 በላይ ነበሩ» ብለዋል። ኮመን ኬስትሬል በአንድ ጊዜ የሚጥላቸው እንቁላሎች አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ናቸው። ሠላሳ ወፍ ከአንድ ቤተሰብ አይወጣም። ኮመኑ የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ወይም ጥንድ ሆኖ ነው። ሌሰሩ ግን ማኅበረተኛ ነው። በቡድን ይጓዛል፣ በቡድን ያድናል፣ ማታም በአንድ ዛፍ ላይ በመንጋ ያድራል። በደቡብ አፍሪካ በከተማ ውስጥ ያሉ ረጃጅም ባሕር ዛፎች ላይ በብዛት ሲያድር ይታወቃል።

ጊዜውም ይገጥማል። ሌሰር ኬስትሬል ከስፔንና ከፖርቱጋል ጀምሮ በቱርክና በመካከለኛው እስያ አልፎ እስከ ሞንጎሊያና ሰሜን ቻይና ድረስ ይራባል። ኢትዮጵያ ውስጥ አይራባም። ጎጆውን ገደል ስንጥቅ፣ አሮጌ ግንብና የጣሪያ ጡብ ሥር ያደርጋል፤ በጣልያኗ ማቴራ ከተማ በቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ ይፈለፍላል። የአውሮፓና የእስያ በጋ ሲያልቅ ወደ አፍሪካ ይወርዳል። ከመስከረም ጀምሮ በደጋ ሜዳዎቻችን ይታያል፤ አንዳንዱ እዚሁ ይከርማል፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይቀጥላል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ ሲመለስ ያልፋል። በመንጋው ውስጥ ዘንድሮ የተፈለፈሉ ወፎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱም ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በራሳቸው ክንፍ በረው የመጡ ናቸው እንጂ ሱሉልታ ላይ እናታቸው አደን የምታስተምራቸው አይደሉም።

በእርግጥ ወሩ ብቻውን አይፈርድም። በጥቅምት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ኮመን ኬስትሬሎችም አሉ፤ በአንድ ሜዳ ላይ ከሌሰሮቹ ጋር ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ለዚህ ነው በሁለተኛው ፎቶ ጥግ ላይ ለምትታየው ሴት ስም የማልሰጣት። የሁለቱ ዝርያ ሴቶች በጣም ይመሳሰላሉ። ጥፍሯ ሳይታይ፣ ድምጿ ሳይሰማ፣ ከዚያ ርቀት «ኬስትሬል» ብሎ ማቆም ነው ትክክሉ።

«ነጩ ወፍ የቅርብ ዘመዱ ነው»

አይደለም። ከጽሑፉ ገለጻ እንደምረዳው ይህ ብላክ ዊንግድ ካይት ነው፦ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ትከሻው ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ። ሲንሳፈፍ ክንፎቹን ወደ ላይ ቀና ያደርጋል። አዳኝነቱ ያመሳስለዋል እንጂ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ የዘረመል ጥናት ኬስትሬል ያለበትን የፋልከን ወገን ከንስርና ከካይት ይልቅ ለበቀቀን ቅርብ ሆኖ አግኝቶታል። ቆልማማ ምንቃርም ዝምድናን አያረጋግጥም። በየአጥሩ ሽቦ ላይ የምናየው ጥቁርና ነጩ ፊስካል ሽራይክም ቆልማማ ምንቃር አለው፤ ያደነውንም እሾህ ላይ ይሰካል። ግን ጭልፊት አይደለም፤ ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው።

«ጫጩት ሌባ ስለሆነ ያባሩት»

ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። የስም ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር አስተያየት ባለፍኩት ነበር።

ወንድ ሌሰር ኬስትሬል ክብደቱ ሦስት የሐበሻ እንቁላል ቢያክል ነው። ምግቡ በአብዛኛው ነፍሳት ናቸው፦ ፌንጣ፣ አንበጣ፣ ጥንዚዛ። አልፎ አልፎ እንሽላሊትና ትንንሽ አይጥ ይጨምራል። ጸሐፊው ራሳቸው ምን እንዳዩ ልጥቀስ። ገበሬዎች ሣር እያጨዱ ነበር፤ ወፎቹም ከአጫጆቹ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ወደ መሬት ይወርዱ ነበር። ጸሐፊው ይህን «ሰውን አለመፍራታቸው» ብለው ተርጉመውታል። የሱሉልታን የድርቆሽ አጨዳ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ማጭዱ ሣሩን ሲነካ ፌንጣው ይነሳል። ወፎቹ እየለቀሙ የነበሩት ፌንጣውን ነው። ከ30 በላይ ወፍ ጠዋቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲውል አንድ እንኳ ወደ ጎጆዎቹ ደጃፍ መሄዱን ጽሑፉ አይናገርም።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምን እንዳደረሰብን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን የሚያህል መንጋ በወፍ አይቆምም፤ እንዲህ ብዬ አልከራከርም። በአዘቦቱ ዓመት ግን ፌንጣ የሚበላልንን ወፍ በድንጋይ ማባረር በራስ ማሳ ላይ መፍረድ ነው። ኮመን ኬስትሬል ቢሆን እንኳ ምክሩ ትክክል አይሆንም ነበር። የሱ ዋና አደን አይጥ ነው፤ የገበሬው እህል ዋና ጠላት ደግሞ አይጥ ነው።

ጫጩት በብዛት የሚወስደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየሥጋ ቤቱ አናት ላይ የሚዞረው፣ ቢጫ ምንቃር ያለው፣ ቡናማው ትልቁ ጭልፊት ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ ሹካ ነው፤ የኬስትሬል ጅራት ግን ረጅምና ጫፉ ክብ ነው። ይህን ብቻ ለገበሬው መንገር ይበቃል። ለሱም ቢሆን መፍትሔው ድንጋይ አይደለም። ጫጩቶቹን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንቅብ ሥር ወይም በሽቦ በተሸፈነ ቦታ ማዋል ከጭልፊትም፣ ከቁራም፣ ከሸለምጥማጥም ያድናቸዋል።

ሌሰር ኬስትሬል በቀላሉ የሚታለፍ ወፍ እንዳልሆነም ልጨምር። ባለፈው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በምዕራብ አውሮፓ ቁጥሩ ክፉኛ ወርዶ ነበር፤ የእርሻው አሠራር ተለወጠ፣ አሮጌ ጣሪያዎቹም ተጠገኑ። በዓለም አቀፉ የአደጋ ዝርዝር ውስጥ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሎ ቆይቶ ደረጃው የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሰዎች ጎጆ ሳጥን እየሠሩ፣ ጣሪያ እየጠበቁ ደክመውለታል። ግማሽ ዓመቱን የሚያሳልፈው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። የሱሉልታ ሜዳ በግንባታ እየጠበበ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ በአንድ ጠዋት ከ30 በላይ ታዩ የሚለው መዝገብ ትልቅ ዋጋ አለው።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። መዝገቡን ኢበርድ በተባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ እንዳስገቡት ጽፈዋል። እዚያ ስሙን መቀየር ቀላል ነው፤ ቀኑ፣ ቦታውና ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። ጀርባው የታየበትን የመጀመሪያውን ፎቶና ጥፍሩ የወጣበትን ሦስተኛውን አያይዘው «ያደገ ወንድ ሌሰር ኬስትሬል» ይበሉት። በደንብ ያልታዩትን ሴቶች ሁለቱን ኬስትሬሎች በአንድ ላይ በሚይዘው የጋራ ምድብ ያስገቧቸው። ከጽሑፉ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋን አንቀጽ፣ ድንጋይ የምትለዋን፣ ዛሬውኑ ያውጧት፤ ሰው እያነበባት ነው።